ከባዱ ወደ ላይ፣ ባዶው ወደ ታች፦ የጅቡቲ ባቡር ለምን እንዲህ ሆኖ ተሠራ?

የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር ሲነሳ ሰው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። ለምን እንደነ ቻይና ባቡር አይከንፍም? ጣቢያው ለምን ከከተማ ውጭ ሆነ? የድሮው ለምን ሐረርን ትቶ በበረሃው ዞረ? ከአዳማ ወዲያ ባቡሮች ለምን ቆመው ይጠባበቃሉ? እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ መልስ አለው። መልሶቹን እየተከተሉ ሲሄዱ ግን አብዛኞቹ አንድ ቦታ ያደርሳሉ፤ ዳገቱ ጋ።

ብዙዎቻችን ፈተናው በረሃው ይመስለናል። ሙቀቱ፣ አሸዋው፣ ውሃ ማጣቱ በእርግጥ ቀላል አይደለም። ግን ለባቡር ከበረሃ ይልቅ ዳገት ይከብደዋል። የእኛ ባቡር ደግሞ ዳገቱን የሚወጣው ሙሉ ጭነት ተሸክሞ ነው።

ጅቡቲ ወደብ ከባሕር ጠለል እኩል ነው። አዲስ አበባ ያለችው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ወደ 750 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሐዲድ አለ። በዚህ ሐዲድ የሚመጣው ማዳበሪያ ነው፣ ስንዴ ነው፣ ብረት ነው፣ በኮንቴነር የታጨቀ ሸቀጥ ነው። ሁሉም ሽቅብ ነው የሚጓዘው። ወደ ጅቡቲ የምንልከው ቡና፣ ሰሊጥና ጥራጥሬ በክብደት ከምናስገባው ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ ብዙ ኮንቴነር ባዶውን ይመለሳል።

በስዊድን ሰሜን ጫፍ ከኪሩና ማዕድን ተነስቶ ኖርዌይ ውስጥ ናርቪክ ወደብ የሚደርስ የባቡር መስመር አለ። እነሱ የብረት ማዕድኑን የሚያወርዱት ከተራራ ወደ ባሕር ነው። ባቡሩ ሙሉ ሆኖ ቁልቁል ሲወርድ ፍሬኑ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ባዶው ደግሞ ሽቅብ ሲመለስ ያንን ኃይል ይጠቀምበታል። የእኛ የዚህ ፍጹም ተቃራኒ ነው። ይህንን ልዩነት ያልያዘ ሰው የጅቡቲን መስመር ከሌላ አገር መስመር ጋር ሲያወዳድር መሳሳቱ አይቀርም።

ብረት በብረት ላይ

ባቡር ለምን ብዙ ይጭናል? ጎማውም ብረት፣ የሚሄድበትም ብረት ስለሆነ ነው። ሁለቱ የሚነካኩበት ቦታ ከአንድ ሳንቲም ብዙም አይበልጥም። ሰበቃው ትንሽ ነው። በሜዳ ላይ ቀስ ብሎ በሚሄድ ባቡር አንድ ቶን ጭነት ለማንቀሳቀስ 2 ኪሎ ገደማ ጉልበት ይበቃል፤ 2 ኪሎ ዕቃ ለማንሳት የሚያስፈልገውን ያህል ማለት ነው። የጭነት መኪና በላስቲክ ጎማው ለዚሁ አንድ ቶን ከሦስትና ከአራት እጥፍ በላይ ይፈልጋል። የባቡር ትርፍ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ዳገት ሲመጣ ግን ስሌቱ ይገለበጣል። በአዲሱ መስመር ላይ በጣም ዳገታማ የሆነው ክፍል በ1,000 ሜትር ጉዞ 18.5 ሜትር ከፍ ይላል። በመኪና ብትሄዱበት ዳገት መሆኑንም ላታውቁ ትችላላችሁ፤ ተራራ ላይ ያሉ አስፋልቶቻችን በአንድ ኪሎ ሜትር 70 እና 80 ሜትር ሽቅብ ይሄዳሉ። ለባቡር ግን ይህቺ 18.5 ሜትር ወገብ የምትቆርጥ ናት። በሜዳ 2 ኪሎ ይበቃው ለነበረ አንድ ቶን አሁን ተጨማሪ 18.5 ኪሎ ጉልበት ያስፈልጋል። አሥር እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። 3,500 ቶን የሚመዝን የጭነት ባቡር እንውሰድ። ይህንን ባቡር በዚያ ዳገት ለማውጣት ከ70 ቶን በላይ የመጎተት ጉልበት ያስፈልጋል። አንድ ትልቅ የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ 140 ቶን ገደማ ይመዝናል። ሐዲዱ ደረቅ ከሆነ፣ ጎማው ሳይንሸራተት መጎተት የሚችለው የራሱን ክብደት ሲሶ ያህል ነው፤ 46 ቶን በሉት። ስለዚህ አንዱ አይበቃም፤ ሁለት መቀጠል የግድ ይሆናል። ሞተሩ የፈለገውን ያህል ኃይል ቢኖረው ጎማው ቦታው ላይ ከተሽከረከረ ዋጋ የለውም። በዚህም ምክንያት ሎኮሞቲቮች አሸዋ ይዘው ይሄዳሉ። ሐዲዱ ሲረጥብ ወይም ጎማው መንሸራተት ሲጀምር ሾፌሩ ቁልፍ ይነካና በቱቦ የሚወርደው አሸዋ ከጎማው ፊት ይበተናል። ይህን ሁሉ ኤሌክትሮኒክስ የያዘ ማሽን ዛሬም ዳገት ላይ ሲቸገር መፍትሔው አንድ እፍኝ አሸዋ መሆኑ ሁሌም ይገርመኛል።

ሐረር ለምን ቀረች?

አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሲሰጡ የመጀመሪያው ምዕራፍ ከጅቡቲ ሐረር ነበር። ከዚያ ወደ እንጦጦ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ከፋና ነጭ ዓባይ ይቀጥላል ተብሎ ታሰበ። ሐረር በዘመኑ የንግድ ማዕከል ስለነበረች ምርጫው ተገቢ ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ።

ግን መሐንዲሶቹ ተራራው ሥር ሲደርሱ ሒሳቡ አልወጣም። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በደንገጎ ሽቅብ የወጣ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። መኪናው ማርሽ እየቀየረ በጠመዝማዛው ይወጣል፤ ወደ ኋላ ዞር ሲባል የድሬዳዋ ሜዳ ከእግር በታች ተዘርግቶ ይታያል። በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ብዙ መቶ ሜትር ከፍታ ነው የሚወጣው። ለባቡር ይህንን መንገድ መሥራት ይቻላል፤ ዋሻ እየፈለፈሉ፣ ድልድይ እየቀጠሉ፣ እየተጠማዘዙ። ገንዘቡ ግን አልነበረም። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ባለው ሜዳ እንዲያልፍ ተወሰነ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ አዲስ ከተማ ተወለደ፤ ድሬዳዋ።

የድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ቀጥ ያሉ ጎዳናዎችና ትልልቅ ዛፎች የዚያ ውሳኔ ልጆች ናቸው። የባቡሩ ጥገና ጋራዥ እዚያ ሆነ። ፈረንሳይኛ የሚናገሩ መካኒኮችና የጣቢያ ሠራተኞች ትውልድ እዚያ አደገ። በአንጻሩ ለዘመናት የንግዱ እምብርት የነበረችው ሐረር መንገዱ አለፋት። አንድ ዳገት የሁለት ከተሞችን ዕጣ ለወጠ ብል ማጋነን አይደለም።

ሽቅቡን ገፍቶ የወጣ መስመርም አለ። ጣሊያኖች ከምጽዋ አስመራ የሠሩት ባቡር 118 ኪሎ ሜትር ብቻ ሄዶ ከባሕር ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። በ1904 ዓ.ም. አስመራ ገባ። ከምህንድስና አንጻር እጅግ የሚያስደንቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ሐዲዱ ጠባብ፣ ኩርባው ጥምዝ፣ ዳገቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ የሚጎትተው ጭነት ትንሽ ነው። የጅቡቲው መስመር በሌላ በኩል ርዝመትን መረጠ። ተራራውን ከፊት ለፊት ከመግጠም ዞሮ ቀስ እያለ ይወጣዋል።

ሁለት ጊዜ የሚወጣ ዳገት

ቀስ እያለ ይወጣል ስል በአንድ ትንፋሽ አይደለም። ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ ባለው 300 ኪሎ ሜትር አካባቢ 1,200 ሜትር ያህል ይወጣል። ከዚያ በኤረር፣ በአፍደምና በሚኤሶ በኩል ከተራራው ጥግ ጥግ ይሄድና ወደ አዋሽ ይወርዳል። አዋሽ ከተማ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ማለትም በልፋት ከወጣው ከፍታ የተወሰነውን መልሶ ያጣዋል። ባቡሩ መተሐራ ሲደርስ አዲስ አበባ ገና ከ1,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትጠብቀዋለች። መንገዱ ግን 200 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የቀረው።

ከባዱ ቦታ እንግዲህ ይህ ነው። መተሐራ፣ ወለንጪቲ፣ አዳማ፣ ሞጆ፣ ቢሾፍቱ እያለ የስምጥ ሸለቆውን ጠርዝ ይወጣል። ከሰበታ እስከ አዳማ ያለው ክፍል ድርብ ሐዲድ የሆነውም በዚሁ አካባቢ ትራፊኩ ስለሚበዛ ነው። ሽቅብ የሚሄደው ባቡር ሲያዘግም ቁልቁል የሚመጣው መንገድ አይዘጋበትም። ሞጆ ትልቁ ደረቅ ወደባችን ያለበት ቦታ መሆኑንም አትርሱ።

ከአዳማ ወዲያ ግን ሐዲዱ አንድ ነው። ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት ሲመጡ አንዱ ጣቢያ ላይ ወዳለው ተለዋጭ ሐዲድ ገብቶ ሌላው እስኪያልፍ ይቆማል። ተሳፋሪ «በረሃ መሃል ለምን ቆምን?» ሲል ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው። አንዱ ባቡር ከዘገየ የሚጠብቀውም ይዘገያል፤ እሱን የሚጠብቀው ሦስተኛውም እንዲሁ። ነጠላ ሐዲድ ርካሽ ነው፤ መዘግየትን ግን ከባቡር ወደ ባቡር ያስተላልፋል።

የድሮውና የአዲሱ ሐዲድ

የድሮው መስመር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር። አዲሱ 1.435 ሜትር ነው። ጥቂት ሳንቲ ሜትሮች ብቻ ይመስላሉ፤ ግን የድሮ ፉርጎ በአዲሱ ሐዲድ፣ አዲሱም በድሮው መሄድ አይችልም። ለዚህ ነው አዲሱ መስመር የድሮውን ማደስ ሳይሆን ከዜሮ መጀመር የሆነው።

ጠባብ ሐዲድ በዘመኑ የተመረጠው ስለሚረክስና ጠባብ ኩርባ ስለሚችል ነው። ኮረብታ ሲያጋጥም መቁረጥ ሳያስፈልግ ይዞረዋል። ችግሩ ኩርባ ፍጥነትን ይገድባል፤ ገደቡ ካልተከበረ ደግሞ ይገድላል። ጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አካባቢ አንድ የተሳፋሪ ባቡር ገደል ላይ ካለ ድልድይ ጋር የተያያዘ ኩርባ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገባና ከሐዲዱ ወጣ። ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ። ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከደረሱት እጅግ አስከፊ አደጋዎች አንዱ ነው። ዛሬ ስሙን የሚያነሳው ሰው ማነሱ ያሳዝነኛል።

አዲሱ መስመር ሰፋፊ ኩርባ ነው ያለው። ለዚያ ሲባል ኮረብታ ተቆርጧል፣ ሸለቆ ተሞልቷል፣ ረጃጅም ድልድዮች ተሠርተዋል። ጣቢያዎቹ ከከተማ የራቁበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሰፊ ኩርባና ለስላሳ ዳገት የሚፈልግ ሐዲድ በተገነባ ከተማ መሃል እንደልቡ መታጠፍ አይችልም፤ ቢሞክር ደግሞ የሚፈርሰው ቤት ብዙ ነው። ለገሃር መሃል ከተማ የሆነችው ከተማው በዙሪያዋ ስላደገ ነው። ይህ ሁሉ ይገባኛል። ግን ከፉሪ ለቡ ወይም ከድሬዳዋ አዲሱ ጣቢያ መሃል ከተማ የሚያደርስ ሁነኛ ትራንስፖርት አብሮ ማሰብ ከዳገት ጋር አይገናኝም። ሻንጣና ልጅ ይዞ ለሚጓዝ ሰው ጉዞው የሚጀምረው ከቤቱ ደጃፍ ነው።

ኤሌክትሪክ ለምን?

መጀመሪያ እንፋሎት ነበር። የእንፋሎት ባቡር ከከሰልና ከማገዶ በላይ ውሃ ይጠጣል፤ በረሃ ላይ ውሃ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። በዚያ ዘመን ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጃል። ተሳፋሪው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። አዋሽ ጣቢያ አጠገብ ያለው ቡፌ ደ ላ ጋር ሆቴል የዚያ ዘመን እንግዳ ማረፊያ ነው። በኋላ ዲዝል መጣ፤ የውሃው ችግር ተቃለለ።

አዲሱ መስመር ግን ከመጀመሪያው በኤሌክትሪክ ሆነ፤ ከሐዲዱ በላይ በተዘረጋው ሽቦ 25,000 ቮልት ይሄዳል። ለእኔ ይህ ከውሳኔዎቹ ሁሉ የተሻለው ነው። ዲዝል ራሱ ከጅቡቲ የሚመጣ ጭነት ነው፤ በዶላር ተገዝቶ ያንኑ ዳገት ይወጣል። ኤሌክትሪኩን ግን ከወንዞቻችን እናመነጫለን። በዚያ ላይ የዲዝል ሞተር አየር ይፈልጋል፤ ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ለኤሌክትሪክ ሞተር 2,000 ሜትርም ዜሮ ሜትርም አንድ ነው። ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ ተገልብጦ ጄኔሬተር ይሆናል፤ ባቡሩን እየያዘ ኃይል ወደ ሽቦው ይመልሳል። ከኪሩና ጋር ያለን ልዩነት እዚህም ይታያል፤ ቁልቁል የሚወርደው የእኛ ባቡር ቀላል ስለሆነ የሚመልሰው ኃይልም ትንሽ ነው። ወደ ውጭ የምንልከው ምርት ሲበዛ ፉርጎ ከመሙላት አልፎ የኃይል ሒሳቡንም ያቃልላል ማለት ነው።

ጉዳቱም ግልጽ ነው። መብራት ከጠፋ ባቡሩ ይቆማል። ሽቦ ከተሰረቀ ይቆማል። የዲዝል ባቡር ነዳጁን ይዞት ነው የሚሄደው፤ የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ሕይወቱ መንገዱ ላይ ተዘርግቷል። ያንን መጠበቅ የባቡር ድርጅቱ ብቻ ሳይሆን የኤሌክትሪክ ኃይል፣ የፖሊስና መስመሩ የሚያልፍባቸው አካባቢዎች ሁሉ ሥራ ይሆናል።

በረሃው የሚያመጣው

አሁን ወደ በረሃው እንምጣ። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። የአንድ ኪሎ ሜትር ሐዲድ ሙቀት በ40 ዲግሪ ሲጨምር ብረቱ የሚይዘው ባይኖር 46 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ድሮ ለዚህ ተብሎ በየሐዲዱ መጋጠሚያ ክፍተት ይተው ነበር። የድሮ ባቡር ተሳፋሪ የሚያስታውሰው «ከተ ከተ» የሚል ድምፅ ጎማው ክፍተቱን ሲመታ የሚወጣ ነው። የዛሬ ሐዲድ ተበይዶ የተቀጣጠለ ነው፤ ክፍተት የለውም። መርዘም እንዳይችል የኮንክሪት አግዳሚዎችና በዙሪያቸው የተቆለለው ጠጠር ጨምድደው ይይዙታል። ጠጠሩ ለውበት የፈሰሰ የሚመስለው ሰው አለ። ጠጠሩ ከተሸረሸረ ወይም ሰው ለግንባታ ከወሰደው ብረቱ በሙቀት ቀን ሊጣመም ይችላል፤ የተጣመመ ሐዲድ ላይ የሚደርስ ባቡር ደግሞ ከመስመሩ ይወጣል።

ሁለተኛው ጎርፍ ነው። በረሃ ላይ ጎርፍ ማለት ግራ ሊያጋባ ይችላል። ድሬዳዋን የሚያውቅ ግን ከተማዋን የሚያቋርጠውን ደረቅ ወንዝ፣ ደቻቱን፣ ያውቃል። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ብቻ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ገበያ ይቆምበታል። ዝናቡ የሚዘንበው ግን እላይ ተራራው ላይ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ባቡሩ እንደ ደቻቱ ያሉ ደረቅ ወንዞችን አንድ በአንድ ያቋርጣል። ደረቅ ነው ተብሎ ትንሽ ቱቦ የተቀበረበት ቦታ አንድ ቀን አፈሩን ይጠርገውና ሐዲዱን አየር ላይ ያንጠለጥለዋል።

ሦስተኛው ከብት ነው። መስመሩ የአፋርና የሶማሌ አርብቶ አደሮችን የግጦሽ መሬት ያቋርጣል። ግመሉ ከሐዲዱ በፊት የነበረ መንገዱን ነው የሚሄደው። በሺህ ቶን የሚመዝን ባቡር ፍሬን ተይዞም ለመቆም ኪሎ ሜትር ሊፈልግ ይችላል፤ ሾፌሩ ግመሉን ሲያየው አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቷል። ለአርብቶ አደሩ አንድ ግመል የዓመታት ሀብት ነው። ማለፊያ ቦታው በቂ ካልሆነ ሁለቱም ወገን ይጎዳል።

መሬቱም ራሱ አርፎ አይቀመጥም። መተሐራ አጠገብ ያለው በሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ገደማ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ኩሬ ነበር። ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። አስፋልቱንና የድሮውን ሐዲድ እየተጠጋ ሲያስፈራ ኖሯል። አጠገቡ ፈንታሌ እሳተ ገሞራ አለ፤ በ2017 ዓ.ም. አካባቢው በተደጋጋሚ በመሬት መንቀጥቀጥ ሲናወጥ ከርሟል። ጥገና እዚህ ቦታ ላይ ከበጀት የማይዘለል ነገር ነው።

ገንዘቡስ?

አዲሱ መስመር መስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ የንግድ ሥራ የጀመረው ግን ታኅሣሥ 2010 ላይ ነው። አብዛኛው ገንዘብ የቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው። ብድሩ በዶላር ይከፈላል፤ ገቢው የሚመጣው ግን ከጭነት ነው። ሽቅብ ብቻ የሚሞላ ባቡር የግማሽ መንገድ ገቢ ነው የሚያገኘው። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ የመክፈያው ጊዜ ከ10 ወደ 30 ዓመት ተራዘመ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የማስተዳደሩ ሥራ ከቻይና ኩባንያዎቹ ወደ ኢትዮጵያውያንና ጅቡቲያውያን ተሸጋገረ። ሾፌሩም፣ የኃይል ባለሙያውም፣ የሐዲድ ተቆጣጣሪውም የራሳችን ልጅ ሆነ። ይህንን እንደ ትንሽ ነገር አላየውም።

ያው ዳገት ሌላ ቦታም ይጠብቀናል። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው መስመር 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግንባታውን የያዘው የቱርኩ ኩባንያ ያፒ መርከዚ ነው። አዋሽ ላይ ከጅቡቲው መስመር ይገናኛል፤ ከዚያ ወደ ወሎ ሲወጣ ግን ዞሮ የሚያልፍበት ሜዳ ስለሌለ ዋሻ መቆፈር ግድ ሆኗል። እስከ ኮምቦልቻ ያለው ሐዲድ ተነጥፎ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲጠብቅ ቆየ፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲደርስ ጉዳት ደረሰበት። ኮምቦልቻ ፋብሪካም ደረቅ ወደብም አላት። መስመሩ ሥራ ሲጀምር ወደ ላይ የሚወጣው ጭነት እንደማይጠፋ እርግጠኛ ነኝ። መታሰብ ያለበት ከኮምቦልቻ ወደ አዋሽ በሚወርደው ፉርጎ ውስጥ ምን እንደሚገባ ነው።